ስልኩ ጓዳ፣ ወጉ ረከቦቱ ዙሪያ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከወሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ የቸገራቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ ሐሳብን አንድ ቦታ ማሳረፍ።

ጥያቄ፦ ቡና ሳፈላ ልጆቼም ባለቤቴም ስልካቸው ላይ ናቸው። በረካው ወርዶ ምርቃት ሲጀመር እንኳ ቀና የሚል የለም። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አልሆነም። ባለቤቴ ነጋዴ ስለሆነ ከኮምቦልቻ ስለሚመጣ ዕቃ ይደወልለታል፤ ዝጋው ማለት አልችልም። እንግዳ ሲኖር ደግሞ ማሳፈር ይሆንብኛል። (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ አብሽሩ። ቁጣውም ልመናውም ያልሠራው ቤተሰብዎ ስለናቀዎት አይደለም። እጅ ላይ ያለ ስልክ ይታያል። ቲክቶክም ፌስቡክም ወደ ታች ሲገፉት ማለቂያ የለውም፤ ቀጥሎ የሚመጣው አሰልቺ ይሁን አስደሳች አለመታወቁ ጣትን ይዞ ያስቀራል። ከዚህ ጋር በየቀኑ ከመታገል የስልኩን ቦታ መቀየር ይቀላል።

ክዳን ያለው ሙዳይ ወይም ትንሽ ቅርጫት ያዘጋጁና ጓዳ ያስቀምጡ። ሳሎን ከሆነ ከንቱ ነው፤ ዓይን እየሄደ ያርፍበታል። የባለቤትዎ ስልክም እዚያው ይግባ፤ የጥሪው ድምፅ ግን እስከ መጨረሻው ከፍ ይበል፣ የመልእክት ድምፅ ብቻ ይጥፋ። ሲደወል ተነሥተው ጓዳ ገብተው ያነሣሉ፣ ሲጨርሱም ስልኩን እዚያው ትተው ይመለሳሉ። ወጉን የሚያቋርጠው ጥሪው ሳይሆን ከጥሪው በኋላ «እግረ መንገዴን ቴሌግራም ልይ» የሚለው ነው። ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ ድምፅ በሚያጠፋው «ዱ ኖት ዲስተርብ» ቅንብር ውስጥ፣ በስልክ ማውጫው ኮከብ የተደረገባቸው ሰዎች ጥሪ ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። እዚያው «ሪፒት ኮለርስ» ከበራ፣ ኮከብ የሌለው ሰውም በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ከደወለ ይጠራል። ለነጋዴ ይህ በቂ መተማመኛ ነው።

ቡናው ከሚታጠብበት እስከ በረካ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል። ሙሉውን በአንዴ አይጠይቁ። ለሁለት ሳምንት ስልኩ የሚቀመጠው አቦል እስኪጠጣ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ወደ ቶና፣ ቀጥሎ ወደ በረካ ያሳልፉት። የሚያሳዝንዎ የምርቃቱ ሰዓት መሆኑ ገብቶናል፤ ቢሆንም ከእሱ አይጀምሩ። መሐል ላይ ስልክ ካወጣ ሰው እጅ መልሶ ከመቀበል፣ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠውን ማቆየት ይሻላል።

አሁን ብዙ ቤት የሚወድቅበትን እንንገርዎ። ስልኩ ከሄደ በኋላ እጅ ባዶ ይሆናል፤ ቡናው እስኪቆላ ያለው ጊዜም ይረዝማል። ስለዚህ ሥራ ያካፍሉ። አንዱ ፍሙን ያራግብ፣ አንዷ ስኒውን ትደርድር፣ ትልቁ ይውቀጥ። ዘነዘና የያዘ እጅ ስልክ አይፈልግም። ትንንሾቹን ደግሞ ቡናው ሲንጣጣ እንዲያዳምጡ፣ ሽታው ከጥሬ ወደ ቁሉ ሲለወጥ «አሁን ደረሰ» እንዲሉ ያድርጓቸው። ይህ ጨዋታ ቢመስልም ትኩረትን የማሠልጠን ሥራ ነው። ሌላው መውደቂያ ደንቡ ለልጆች ብቻ ሲሆን ነው። አባወራው ስልኩን ከያዘ ነገሩ በሳምንቱ ይፈርሳል፤ የመጀመሪያው ስልክ የእርስዎ፣ ሁለተኛው የእሳቸው ይሁን።

እንግዳን «ስልክህን አስቀምጥ» አይበሉት። «ቻርጅ ላድርግልህ?» ይበሉት። ቻርጀሩን ጓዳ ይሰኩት፤ ራሱ ደስ ብሎት ይሰጥዎታል።

ጥያቄ፦ ፈተና ደርሶብኛል። አንድ ገጽ አንብቤ ስልክ እከፍታለሁ፤ እንዳልተወው ደግሞ የመምህራኑ ጽሑፍ የሚላከው በቴሌግራም ነው። (የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስልኩን ባየህባት አንድ ደቂቃ ብቻ አትከስርም። ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ያልተቋጨ ነገር ትተን ወደ ሌላ ስናልፍ የሐሳባችን ክፍል የቀደመው ላይ ይቀራል። ገጹን እያነበብክ ግማሽህ ያልመለስከው መልእክት ላይ ነው።

ስለዚህ የነገውን ጽሑፍ ዛሬ ማታ አውርድ፤ ከተቻለ አትምና በወረቀት ያዝ። ስታነብ ዳታ ይጥፋ፣ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ አይበቃም። ሰዓቱን በእጅ ሰዓት ያዝና 25 ደቂቃ አንብብ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍ። በመሐል «እገሌን ልደውልለት» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ከጎንህ ባለች ቁራጭ ወረቀት ጻፈውና ቀጥል። ዕረፍቷን በስልክ አትሙላት፤ ውጣና የጦሳን ተራራ ሽቅብ እያየህ ተራመድ፣ ውኃ ጠጣ።

በቴሌግራም የመምህራኑን ብቻ አስቀርተህ የሌላውን ግሩፕና ቻናል ድምፅ ዝጋ፤ ከዚያ ከዋናው ዝርዝር ወደሚያወጣው ማኅደር፣ ወደ «አርካይቭ» ላከው። ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፦ ድምፁ ሳይዘጋ አርካይቭ ያደረግከው ግሩፕ አዲስ መልእክት ሲመጣ ተመልሶ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል። በሳምንት ካልለመድከው ተስፋ አትቁረጥ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተደረገ ጥናት አንድ ልማድ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ ከሰው ሰውም በጣም ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን አላፈረሰውም።

ጥያቄ፦ ሶላት ላይ ቆሜ ሐሳቤ ገበያ ይሄዳል። ጎረቤቴም ቤተ ክርስቲያን ቆሞ እንዲሁ ነው ይለኛል። ልምምድ አለው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ የሃይማኖቱን ሸይኽዎን፣ ጎረቤትዎም የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፤ እኛ ስለ ትኩረት ብቻ እንመልሳለን። ሐሳብ መሄዱ አይቀርም። የሚሠለጥነው መመለሱ ነው። ከሶላት ውጭ ጠዋት ላይ 5 ደቂቃ ይቀመጡና ትንፋሽዎን ከ1 እስከ 10 ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ሲጠፋዎ ራስዎን ሳይወቅሱ ከ1 ይጀምሩ። አሥር ጊዜ ከጠፋብዎና አሥር ጊዜ ከተመለሱ ልምምዱን በደንብ ሠርተዋል። ውዱእ ሲያደርጉም አይቻኮሉ፤ የውኃውን ቅዝቃዜ ክንድዎ ላይ ይከታተሉት። ስልኩም ኪስ ውስጥ ድምፁ ጠፍቶ ሳይሆን ቤት ቀርቶ ይሁን፤ ሲንቀጠቀጥ ጭንዎ ላይ ይሰማዎታል።