መልስ፦ ካርትሪጅ ከዲስክ ለምን ይወደዳል?
ወንድሜ፣ የቪዲዮ ጌም ካርትሪጅ (ጌሙን የያዘ፣ ማጫወቻው ላይ የሚሰካ ትንሽ ሳጥን) ማምረት ከዲስክ ለምን እንደሚወደድ ጠይቀሃል። ነገሩ አሠራሩ ላይ ነው።

ዲስክ ይታተማል። የቀለጠ ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ፕላስቲክ) ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይገባል፣ በጥቂት ሰከንድ ጌሙን ይዞ ይወጣል፣ ስስ አንጸባራቂ ብረት ይለበጣል፣ አለቀ። ጌሙ ዲስኩን ሞላም አልሞላም ወጪው ያው ነው።

ካርትሪጅ ግን ቺፕ ነው። የሚይዘው በጨመረ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጌም ማጫወቻ ኒንቴንዶ 64 ትልቁ ካርትሪጁ 64 ሜጋባይት ነበር። የተፎካካሪው ማጫወቻ የፕሌይስቴሽን ሲዲ ደግሞ 650 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል! ይባስ ብሎ ቺፑ ቀደም ብሎ ይታዘዛል፤ ጌሙ ካልተሸጠ ኪሳራው የአሳታሚው ነው።

ስዊች በሚባለው የኒንቴንዶ ማጫወቻ ላይ አንዳንድ አሳታሚዎች ትንሽ የሚይዘውን ካርድ (የስዊች ካርትሪጅ) መርጠው «ቀሪውን አውርዱ» የሚሉት ለዚሁ ነው። ወጪያቸው ይገባኛል፤ ግን ሙሉ ዋጋ ለከፈለ ሰው ግማሽ ጌም መስጠት ከልቤ ያናድደኛል።