ጌትዌዩ «ሬጅስተርድ» ይላል፤ ድምፅ ግን የለም

ከሐዋሳ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ችግርህ ብዙ ሰው ስለሚገጥመው በአጭሩ ላስቀምጠው። ቅርንጫፋችሁ ባለ 4 መስመር የስልክ ጌትዌይ (የስልክ መስመርን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) አለው። አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ካለው የፍሪፒቢኤክስ ሰርቨር (የቢሮውን ስልኮች የሚያገናኝ ማዞሪያ) ጋር በኢንተርኔት አገናኝተኸዋል። «ሬጅስተርድ» (ተመዝግቧል) ይላል፤ ደንበኛ ሲደውልም አዲስ አበባ ይጠራል። ስልኩ ሲነሳ ግን ሁለቱም ወገን አይሰማም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይቋረጣል። ጌትዌዩን ልትቀይረው ነው።

አትቀይረው፤ ደህና ነው።

ሬጅስተር ማድረግ ሌላ፣ ድምፅ ማድረስ ሌላ። ሬጅስትሬሽኑ በፖርት (በኔትወርክ በር ቁጥር) 5060 ያልፋል። ድምፁ የሚሄደው በሌላ ፖርት ነው፤ ወዴት እንደሚላክም ሁለቱ የሚነጋገሩት ጥሪው ሲጀመር ነው። ሰርቨራችሁ ከራውተር ጀርባ ስለሆነ ለጌትዌዩ የሚሰጠው የቢሮ ውስጥ አድራሻውን ነው፤ 192.168.1.10 ዓይነት። ጌትዌዩም አምኖ ድምፁን ወደዚያ ይልካል። ሐዋሳ ላይ ግን እንዲህ የሚባል ሰርቨር የለም።

እርግጠኛ ያደረገኝ ያቺ ግማሽ ደቂቃ ናት። ስልኩ ሲነሳ ሰርቨሩ «ተነስቷል» ይላል፤ ጌትዌዩ «ደርሶኛል» ብሎ መመለስ አለበት። ያም መልስ ወደዚያው አድራሻ ሄዶ ይጠፋል። ሰርቨሩ ደጋግሞ ይልክና በ32ኛው ሰከንድ ገደማ ይዘጋዋል። ሰዓት ይዘህ ለካው።

በዓይንህ ማየት ከፈለግክ ሰርቨሩ ላይ ኤስኤንግሬፕን (የጥሪ መልእክቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈትና አስደውል። «200 ኦኬ» በሚለው መልእክት ውስጥ በ«ሲ» ፊደልና በእኩል ምልክት የምትጀምር መስመር አለች። እሷ ላይ 192.168 ካየህ ሌባው ተያዘ። እኔ ይህችን መስመር ሳላይ ሙሉ ቀን ኬብል ስቀያይር የዋልኩበት ጊዜ አለ። አንተ እንዲህ እንድትደክም አልፈልግም።

ቋሚ አይፒ (የማይቀያየር የኢንተርኔት አድራሻ) ካላችሁ ፍሪፒቢኤክስ ላይ የአስቴሪስክ ሲፕ ሴቲንግስ ውስጥ ግባ፤ አስቴሪስክ ፍሪፒቢኤክስ ውስጥ ጥሪውን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ነው። ኤክስተርናል አድሬስ ላይ የአዲስ አበባውን የኢንተርኔት አይፒ፣ ሎካል ኔትወርክስ ላይ የቢሮውን ኔትወርክ ሙላ። አስቴሪስክን ሪስታርት አድርግ። አዲስ አበባ ራውተር ላይ ዩዲፒ 5060 እና ከ10000 እስከ 20000 ያሉትን የድምፅ ፖርቶች ወደ ሰርቨሩ ምራ። ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለውን የራውተር ሴቲንግ በሁለቱም ራውተሮች አጥፋው፤ የጥሪውን መልእክት እየነካካ ያበላሻል።

አደራ፣ 5060ን ለሁሉም ክፍት አድርገህ እንዳታድር። ሌባ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ውጭ አገር ሲደውል ያድርና ሂሳቡ ለእናንተ ይመጣል። ለሐዋሳው አይፒ ብቻ ፍቀድ።

የሐዋሳው አይፒ የሚቀያየር ከሆነ ሁለቱን ራውተሮች በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) አገናኝ፤ እኔም የምመርጠው ይህንን ነው። ፖርት መክፈትም ይቀራል። ሁለቱም ቢሮ 192.168.1 ላይ ከሆኑ ግን ቪፒኤኑ ግራ ይጋባል፤ ሐዋሳን ወደ 192.168.20 ቀይረው። ይህንንም ኔትወርክ ሎካል ኔትወርክስ ላይ ጨምር። ከረሳኸው ሰርቨሩ በቪፒኤን ለመጣው ጌትዌይ የውጭ አድራሻውን ይሰጠውና ድምፁ እንደገና ይጠፋል።