ባች ፋይል የማይደርስበትን በኪቦርድ ማክሮ ማሟላት፦ ጥያቄና መልስ

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላንና ከኮዬ ፈጬ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለሙያዎች ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ፋይሎቼን ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ባች ፋይል (የዊንዶውስ ትዕዛዞች በተራ የተጻፉበት ፋይል) አለኝ። የሒሳብ ፕሮግራሙ ግን የሪፖርት ቁልፉን በእጄ ካልተጫንኩ ሪፖርት አያወጣም። ባች ፋይሉ ሊጫንልኝ ይችላል?

መልስ፦ ብቻውን አይችልም፤ ፋይል ይገለብጣል፣ ፕሮግራም ያስነሣል እንጂ በሌላ ፕሮግራም መስኮት ላይ ቁልፍ የሚመታበት ትዕዛዝ የለውም። ለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነጻ የሚገኘው ኦቶሆትኪ (AutoHotkey) ይበቃዎታል፤ በጽሑፍ ያዘዙትን ቁልፍ በእርስዎ ፈንታ የሚመታ፣ ማለትም የኪቦርድ ማክሮ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የሚሠራውን ባች ፋይል አያፍርሱት፤ ለዚያች አንድ እርምጃ ብቻ አጭር ስክሪፕት (የኦቶሆትኪ የትዕዛዝ ጽሑፍ) ጽፈው ከባች ፋይሉ ውስጥ በስታርት ትዕዛዝ፣ እስኪጨርስ ከሚያስጠብቀው የዌይት ምርጫ ጋር (start /wait) ይጥሩት። ስክሪፕቱ ሲሳካለት 0፣ ሳይሳካለት 1 መልሶ እንዲወጣ ካደረጉት፣ ባች ፋይሉ ቁጥሩን በኤረርሌቭል (የተመለሰው ቁጥር በሚቀመጥበት ስም) አንብቦ ያልወጣ ሪፖርት ከመገልበጥ ይቆጠባል።

ጥያቄ፦ ስክሪፕቴ አንዳንድ ቀን በትክክል ይሠራል፤ አንዳንድ ቀን ግን ጽሑፉን ሌላ መስኮት ላይ ይጽፈዋል። ለምን?

መልስ፦ ስሊፕ በተባለው የማቆያ ትዕዛዝ «አምስት ሰከንድ ጠብቅ» ብለውት ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ገና የተነሣ አሮጌ ኮምፒውተር አምስት ሰከንድ አይበቃውም፤ ቁልፎቹም በዚያች ቅጽበት ፊት ለፊት በተገኘው መስኮት ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ጊዜን ሳይሆን መስኮቱን ይጠብቁ፤ ዊንዌይትአክቲቭ የተባለው ትዕዛዝ በርእሱ የሚለዩት መስኮት ፊት እስኪወጣ ድረስ ስክሪፕቱን ያቆየዋል። የመጨረሻ የጊዜ ገደብም ይስጡት፤ ገደቡ ካለፈ አንድም ቁልፍ ሳይመታ 1 መልሶ ይውጣ። ይህን ጥንቃቄ ከሁሉ አስቀድማለሁ፤ ያልሠራ ስክሪፕት ወዲያው ይታወቃል፣ በደንበኛ ሰነድ መካከል የጻፈ ስክሪፕት ግን የሚታወቀው ሰነዱ ታትሞ ከተሰጠ በኋላ ሊሆን ይችላል። ኮንትሮልሴንድ የተባለው ደግሞ ከኋላ ላለ መስኮትም ቁልፍ ይልካል፤ ሆኖም ሁሉም ፕሮግራም አይቀበለውም።

ጥያቄ፦ በኦቶሆትኪ ፈንታ በቪቢስክሪፕት (የማይክሮሶፍት የቆየ የስክሪፕት ቋንቋ) ሴንድኪስ የተባለውን ቁልፍ መላኪያ ትዕዛዝ ብጠቀምስ?

መልስ፦ አዲስ ሥራ በእሱ አይጀምሩ። ማይክሮሶፍት ቪቢስክሪፕትን ከዊንዶውስ ደረጃ በደረጃ እንደሚያስወጣ እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል።

ጥያቄ፦ የማመልከቻ መግቢያ በአጭር ምልክት እንዲጻፍልኝ አደረግሁ፤ አማርኛው ግን ተበላሽቶ ይወጣል።

መልስ፦ የስክሪፕቱን ፋይል በዩቲኤፍ-8 (የአማርኛን ፊደል ጭምር በሚይዝ የጽሑፍ ማስቀመጫ ዓይነት)፣ የቆየውን 1ኛውን የኦቶሆትኪ ትውልድ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከቦም (የፋይሉን ዓይነት ከመጀመሪያው ከሚጠቁም ምልክት) ጋር ያስቀምጡት። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው 2ኛው ትውልድ ፋይልን በዩቲኤፍ-8 ያነባል፤ አጻጻፉ ስለተለወጠ ግን የድሮ ስክሪፕት እንዳለ አይሠራበትም።

ጥያቄ፦ በአድሚኒስትሬተር የተከፈተ ፕሮግራም ቁልፎቹን አይቀበልም።

መልስ፦ ዊንዶውስ ዝቅተኛ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ከፍተኛ ፈቃድ ወዳለው ቁልፍ እንዳይልክ ይከለክላል። ስክሪፕቱንም በአድሚኒስትሬተር ያስነሡት።

ጥያቄ፦ የይለፍ ቃሌን ስክሪፕቱ ውስጥ ልጻፈው?

መልስ፦ አይጻፉት። ስክሪፕቱ ማንም በኖትፓድ ከፍቶ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ነው፤ ብዙ ሰው በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ስክሪፕቱ እስከ ይለፍ ቃሉ መስኮት አድርሶ ይቁም፣ ቃሉን እርስዎ በእጅዎ ይጻፉት።