ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ የነገሡት በየትኛው ቀን ነው? (መልስ)

እርስዎ ለንጉሡ አጭር የሕይወት ታሪክ ሲያዘጋጁ ካገኟቸው ሁለት ቀኖች መካከል «ነገሡ» ብለው የሚጽፉት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2022ን ነው፤ ሜይ 6 ቀን 2023 ዘውድ የጫኑበት ዕለት ብቻ ነው። በብሪታንያ ሕግ ዙፋን ለአፍታም ባዶ ስለማይቀር፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ በባልሞራል ባረፉበት ቅጽበት ልጃቸው ነግሠዋል፤ ሴፕቴምበር 10 በቅዱስ ጄምስ ቤተ መንግሥት የተሰበሰበው ምክር ቤትም ያወጀው አስቀድሞ የተፈጸመውን ነው።

የአገልግሎት ታሪካቸውን ግን ከዚያ ቀን አይጀምሩ። አልጋ ወራሽ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1952፣ ገና በ3 ዓመታቸው ነው። ከ1971 እስከ 1976 በአየር ኃይልና በባሕር ኃይል አገለገሉ፤ ከባሕር ኃይል ሲሰናበቱ በተከፈላቸው ገንዘብም ዕድል የተነፈጋቸውን ወጣቶች የሚረዳውን ፕሪንስስ ትረስት በ1976 መሠረቱ። በእኔ አስተያየት ከማዕረጎቻቸው ዝርዝር ይልቅ ሰፊ ቦታ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ሥራ ነው።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱ ይጠንቀቁ። እኔ «ሴፕቴምበር» የሚለውን ብቻ አይቼ 7 ዓመት በመቀነስ «መስከረም 2015» ብዬ ተሳስቻለሁ፤ አዲሱ ዓመት የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ስለነበር ትክክለኛው ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ነው።