ዶክተር አክሊሉ ወንዝ ዳር ያዩት

ውድ ልጄ፣

በባዮሎጂ ከተመረቅሽ ዓመት ከመንፈቅ እንደሞላሽ፣ የኢትዮጵያዊውን ሳይንቲስት የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ካነበብሽ ወዲህ ከምርምር በቀር ሌላ ሥራ እንደማይታይሽ፣ አሁን ግን ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ረዳትነት ሊቀጥርሽ እንደጠየቀሽና ይህን መቀበል ዓላማሽን መክዳት እንደመሰለሽ ጽፈሽልኛል። ምክሬ ሥራውን ተቀበይ የሚል ነው፤ ምክንያቱንም ከወደድሻቸው ሰው ሕይወት አወጣዋለሁ።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ የሄዱት በጥገኛ ትል የሚመጣውን የቢልሃርዚያ በሽታ መተላለፊያ ለማጥናት እንጂ እንዶድ ፍለጋ አልነበረም። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ ነገሩን አላለፉትም፤ በሕይወት ያሉትን ለቅመው በዕቃ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እንዶድ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። እናቴ ጋቢ ስታጥብበት አጠገቧ ተቀምጬ አድጌአለሁ፤ ከአረፋው ንጣት በቀር ግን ያስተዋልሁት አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ትምህርት የሚያዩትን እንዲለዩ ረድቷቸዋል፤ የሚታየው ነገር የተገኘው ግን በሌላ ሰው የዕለት ሥራ ውስጥ ነው። አንቺም ትምህርቱ አለሽ፤ የጎደለሽ ወንዙ ነው። በፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ውኃ፣ ኬሚካልና ፍሳሽ ይጠብቁሻል፤ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ብዙ የሚጠይቅበት ቦታ ነው። ነባር ሠራተኞችን በትሕትና ጠይቂ፤ የጨርቁን እንከን፣ የታየበትን ቀንና እነርሱ የነገሩሽን ምክንያት በየዕለቱ በደብተር መዝግቢ። ወደፊት ለሁለተኛ ዲግሪ የጥናት ሐሳብ ስትጠየቂ የምትጽፊው ከዚያ ደብተር ይወጣል።

ስለ ጊዜውም ላንሣ። ዶክተር አክሊሉ ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ማለትም ከዚያ የወንዝ ዳር ቀን 25 ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ መፈለግሽን እንደ ውድቀት አትቁጠሪው፤ ያለ ሥራ መቀመጡን ግን ከዚህ በላይ አታስረዝሚው።

ከደሴ እየተመላለሽ ለመሥራት ካሰብሽ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ጠዋትና ማታ መመላለስ ስለሚያደክምና የትራንስፖርቱም ወጪ ስለሚከብድ፣ ደመወዙን ከዚህ ጋር አስልተሽ ወስኚ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም በጠየቅሽ ጊዜ ሊሰጥሽ ይገባል። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ቢሮዬ ይዘሽው ነይ፤ አብረን እናነበዋለን።