«ተማሪዎቼ ይጠፉብኛል፤ ይሄ ሥራ ያዋጣኛል?»

ጠያቂያችን የጻፈችልን ከባሕር ዳር ነው። በሒሳብ በዲግሪ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ከርማለች። አሁን መደበኛ ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶችን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በርቀት የሚያስተምር አንድ ፕሮግራም በአስጠኚነት ሊቀጥራት ነው። ለሙከራም ጥቂት ሠርታለች። «ሞጁሉን ይወስዱና ይጠፋሉ። ስደውል አያነሱም። አሳይመንት ሲልኩ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ጓደኞቼም ‹ይሄ ደግሞ ምን ሥራ ነው?› ይሉኛል። ሥራው ያሳድገኛል? ልቀጥል ወይስ ሌላ ልፈልግ?» ትላለች።

እህቴ፣ እኔ ቀጥዪ ባይ ነኝ። ግን ሥራው ምን እንደሆነ ገብቶሽ ቀጥዪ።

ወረቀቱ ላይ «አስጠኚ» ተብለሻል። ዋናው ሥራሽ ግን ተማሪ እንዳይጠፋ መከታተል ነው፤ ሒሳቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። መደበኛ ክፍል ውስጥ ልጅ ሲቀር ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። በርቀት ግን ማንም ሳያየው ይቀራል። ሁለት ሳምንት ካለፈው ያፍራል፣ ካፈረ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ሲያነሳልሽ «አሳይመንቱ የታለ?» ብለሽ አትጀምሪ። «እንዴት ከረምክ? ሥራ በዛብህ እንዴ?» በዪው። አሳይመንቱን ራሱ ያነሳልሻል።

የምትደውዪበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። ሐይቁ ዳር መዝናኛ ውስጥ የምታስተናግደው ልጅ ቅዳሜና እሑድ መተንፈሻ የላትም፤ ሰኞ ጠዋት ብትሞክሪያት ይሻላል። የዘጌው ልጅ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን «ሞጁል ግለጥ» ብትዪው አይሰማሽም፤ ለእነዚያ ሳምንታት ቀለል ያለ ነገር ስጪውና ሲያበቃ ያካክስ። የባጃጁ ሹፌር ተራ ሲጠብቅ ያወራሻል። ልጅ ወልዳ ቤት የዋለችው ደግሞ ስልኩ የሷ ላይሆን ይችላል። አንቺ ቀን 8 ሰዓት ስትደውዪ ስልኩ ከባሏ ወይም ከወንድሟ ኪስ ውስጥ ነው። «አያነሱም» ካልሻቸው ውስጥ እንዲህ ያሉም አይጠፉም። ስለዚህ ገና ሲመዘገቡ ስልኩ የማን እንደሆነ፣ መቼ እጃቸው እንደሚገባና ከጠፉ ለማን እንደምትደውዪ ጠይቂና ጻፊ።

ስለ ቴሌግራም አንድ ነገር ልበል። ግሩፕ መክፈት ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉንም ነገር እዚያ ላይ አትስቀዪ። በክልላችን ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ እንደነበር አንቺም አትረሺውም። የወረቀት ሞጁልና ተራ የጽሑፍ መልእክት ግን ዳታ አይፈልጉም። የትምህርት ሚኒስቴርን መጻሕፍት በፒዲኤፍ አንድ ጊዜ አውርጂና በአካል ስትገናኙ በዜንደር (ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው የስልክ መተግበሪያ) ይቀባበሉ። ረጅም ቪዲዮ አትላኪባቸው፣ ካርዳቸውን ይበላዋል። የአንድ ደቂቃ ድምፅ ይበቃል። በአካል የምትገናኙበትን ቱቶሪያል ደግሞ የገበያ ቀን አድርጉት። ከገጠር የሚመጣው ልጅ ለገበያው ብሎ የመጣበት ትራንስፖርት ለትምህርቱም ይሆነዋል።

አሁን ወደ ተቀዳው አሳይመንት። መኮራረጁን ለመያዝ ጊዜ አታጥፊ፤ ስህተቱን ተከታተዪው። ለምሳሌ x² − 3x − 10 = 0 ሰጥተሻቸዋል እንበል። ደብተራቸውን ፎቶ አንስተው ሲልኩልሽ ሦስት ልጆች ቀመሩ (b² − 4ac) ውስጥ (−3)²ን −9 ብለው ጽፈዋል። ከዚያ −9 ሲደመር 40 ይሉና 31 ያገኛሉ፤ የ31 ስኩዌር ሩት ደግሞ አልወጣ ብሏቸው እዚያው ትተውታል። ትክክለኛው 49 ነበር፣ ስኩዌር ሩቱም 7፤ መልሱ 5 እና −2። እዚህ ላይ «ተቀዳድታችኋል» ብትዪ ሦስቱንም ታጪያቸዋለሽ። ይልቅ ለእያንዳንዳቸው ለብቻ «ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው −9 ከየት መጣ? በድምፅ ንገሪኝ» ብለሽ ላኪ። የሠራችው ታስረዳሻለች፤ የቀዳችው ዝም ትላለች። ለዝምተኛዋ የኔጌቲቭ ቁጥር ማባዛትን ከሥር ጀምሪላት፤ 7ኛ ክፍል ላይ የቀረባት ነገር ሊሆን ይችላል። ትምህርት ያቋረጠ ሰው ክፍተቱ የት እንዳለ አይታወቅም፣ ራሱም አያውቀውም።

ራስሽን በ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ አትለኪ። ከመላ አገሪቱ ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሙሉ ቀን ክፍል የሚውሉት እንኳ እንዲህ ከሆኑ፣ ማታ ትሪ አስቀምጣ ሞጁል የምትገልጠዋን ልጅ «ለምን አላለፍሽም?» ማለት ግፍ ነው። ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ እስከ ፈተናው ቀን እንደቆየ ቁጠሪ። ደግሞም ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ ሲወሰድ ቆይቷል። ተቀጥሮ ለሚሠራ ልጅ ይህ ማለት በርከት ላሉ ቀናት ከሥራ መቅረት ነው። አሠሪዋ የዚያኑ ሳምንት ከሰማ «አይሆንም» ይላል። ወራት ቀደም ብላ እንድታስፈቅድ አስታውሻት፤ ካስፈለገ አንቺው ደውዪለት።

ያሳድገኛል ወይ ላልሽው፣ ያሳድግሻል፤ ግን ማስረጃ ከያዝሽ ነው። ሲቪሽ ላይ «ተማሪዎችን በርቀት አስጠንቻለሁ» የሚል አንድ መስመር ማንንም አያስደንቅም። ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዢ፦ ስንት ተመዘገቡ፣ ስንት ጠፉ፣ ስንቱን መለስሽ፣ በምን ዘዴ። ይህን ይዘሽ የምትቀርቢ ከሆነ ትምህርት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችም፣ የግል ትምህርት ቤቶችም ያናግሩሻል። መምህርነቱን በቋሚነት ካሰብሽው ዲግሪሽ የማስተማር ሥልጠና ስለሌለው ፒጂዲቲውን (ዲግሪ ላላቸው የሚሰጠውን የመምህርነት ሥልጠና) ጎን ለጎን አስቢበት። የጓደኞችሽን ነገር ተዪው፤ እነሱ ሥራ ሲያገኙ ያልፍላቸዋል።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ከተማው ትምህርት መምሪያ ሂጂና ፕሮግራሙ ፈቃድ እንዳለው አጣሪ። ፈቃድ ከሌለው የልጆቹ ትራንስክሪፕት ተቀባይነት አጥቶ ለፈተና ሲመዘገቡ ችግር ይገጥማቸዋል፣ የሚያፋጥጡት ደግሞ የሚያውቁትን ሰው ነው፤ አንቺን። ክፍያው በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ከሆነ እምቢ በዪ፤ ደላላ ያደርጉሻል። በወር ይሁን። ደመወዙ ላይ ምናልባት አይጨምሩልሽም። የስልክ ካርድ ወጪ ግን የነሱ መሆን አለበት፤ ቀኑን ሙሉ የምትደውዪው ለነሱ ተማሪ ነው። ውሉ ላይ ካልገባ አትፈርሚ።