አንድ ኦርኪድ፣ ሁለት ቀለም

ጥያቄ፦ የምኖረው ስዊድን ነው። ግንቦት ላይ ኧላንድ ደሴት ሄጄ አንድ መስክ ላይ ቢጫና ወይን ጠጅ ኦርኪድ ጎን ለጎን በቅለው አየሁ። ዝርያቸው ይለያያል?

መልስ፦ አይለያይም እህቴ፤ ስዊድኖች «አዳምና ሔዋን» የሚሉት አንድ ዝርያ ነው። ቀለሙ በዘር ይወረሳል። ቢጫውን ጠጋ ብለሽ ብታዪው ከንፈሩ (የታችኛው የአበባ ቅጠሉ) ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አለው።

እኔን የሚገርመኝ ተንኮሉ ነው። አበባው ማር የሚባል የለውም! ከክረምት እንቅልፏ የነቃች የራባት ትልቅ ፀጉራም ንብ ቢጫውን ሞክራ ባዶ ሲሆንባት ወደ ወይን ጠጁ ትሄዳለች። ብናኙ ግን ራሷ ላይ ተለጥፏል። ከወይን ጠጁም እንዲሁ ወደ ቢጫው ትዞራለች። ስለዚህ በቁጥር ያነሰው ቀለም ለእያንዳንዱ አበባ ብዙ ንብ ስለሚደርሰው ይጠቀማል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን በሙከራ አሳይቷል። ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም፤ ቢጫው ብቻ የሚበቅልበት መስክም አለ።

ነቅለሽ ልትወስጂ ካማረሽ ተይው፤ ስዊድን ውስጥ የዱር ኦርኪድ ሁሉ በሕግ የተጠበቀ ነው።